አላልታ ያነበበችው ቃል

«ድገሚልኝ፤ ከመኳንንት ላይ ጀምረሽ ድገሚልኝ» አሉ እትዬ እታገኝ። በእጃቸው ይሽከረከር የነበረው እንዝርት ቆሟል፤ የሚፈትሉት የበግ ጠጉር ከጣታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ጽናት ወረቀቱን ከበሩ ወደሚገባው ብርሃን አስጠጋችው። ደብዳቤው ከወንድሟ ከምንይሉ የመጣ ነው። ምንይሉና የእትዬ እታገኝ የበኵር ልጅ መኳንንት ባለፈው ዓመት በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር ከሞላሌ በአንድ መኪና ተጭነው ሄደው፣ በአንድ ምሽግ ውስጥ ገብተዋል። መኳንንት ፊደል አልቈጠረም። ስለዚህ የሁለቱንም ቤት ደብዳቤ የሚጽፈው ምንይሉ ነው፤ ለሁለቱም ቤት የምታነበው ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ጽናት ናት። ደብዳቤ በመጣ ቍጥር እትዬ እታገኝ እንዝርታቸውን ይዘው ግቢውን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሁለተኛው ልጃቸው አወቀም በሩ ላይ ተደግፎ ይሰማል።

«ከላይ ጀምሬ ላንብብልዎ» አለች ጽናት፤ አነበበችም።

«ይህን የምጽፍላችሁ ምሽግ ውስጥ ተቀምጬ፣ የጥይት ሣጥን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ኮቾሮ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት ውኃ ውስጥ ነክረን እንበላለን። ውኃው በጀሪካን ከሩቅ ስለሚመጣ ፊታችንን ከታጠብን ሰነበትን። ቅማሉ ከመድፉ ይብሳል እያልን እንስቃለን። ማክሰኞ ለት ግን የሳቀ የለም። ገና ጎሕ ሲቀድ መድፉ ጀመረ። ከጎኔ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣ የነበረውን የወሎ ልጅ ፍንጣሪው ራሱን ከትከሻው ላይ አነሣው፤ ኮዳው ግን ከእጁ አልወደቀም ነበር። ወዲያው ምሽጋችን ውስጥ ገቡብን። ጥይት ያለቀበት በሳንጃ፣ ሳንጃ የሌለው በአካፋ ተጨፋጨፈ። እኔም አንዱን በሳንጃ ወጋሁት። ሳንጃው አልወጣ ስላለኝ ደረቱን በእግሬ ረግጬ ነው የነቀልሁት። ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። መኳንንት መትረየሱ ላይ ነበር፤ ሲመታ ከአጠገቡ ነበርሁ። እንደ እርሱ ያለ ወንድ አላየሁም። የተረፍነው ሁሉ የተረፍነው በእርሱ ነው። መትረየሱን ከዚያ ለት ወዲህ የያዝሁት እኔ ነኝ። ለእትዬ እታገኝ በወጉ ንገሯቸው።»

የጽናት እናት አስካለ ማርያም ንባቡ የወሎው ልጅ ላይ ሲደርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። እትዬ እታገኝ ግን የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ይመታል በይኛ! ልጄ ይመታል!» ብለው ተነሡ። እልልታቸው ከድንጋይ ከተሠራው ቤት አልፎ እስከ ማዶው የገብስ ማሳ ተሰማ።

«ይምታ፣ ደግ» አለች አስካለ ማርያም፤ ነጠላዋን ከፊቷ አንሥታ። «መትረየሱን ታዲያ ለምን ምንይሉ ያዘው?»

«መኳንንትን ሹመውታላ!» አለ አወቀ ከበሩ ላይ። «አለቃ የሆነ ሰው መትረየስ ተሸክሞ ይዞራል እንዴ? አዬ እትዬ አስካለ፣ ወታደርነት እኮ ማዕረግ አለው።»

ሳቁ። ጽናትም ሳቀች። እትዬ እታገኝ ጕንጯን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሟት። «በወጉ ነገርሽኝ፤ አንቺንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» አሉ።

የሚቀጥለው ሐሙስ የሞላሌ የገበያ ቀን ነበር፤ በዚያ ቀን አዲስ ምልምሎችን የሚወስድ መኪና ይመጣል ተብሏል። አወቀ ከገና ጀምሮ ካልሄድሁ እያለ እናቱን ሲያስለቅስ ነበር። ዕድሜው ባይደርስም ቁመቱ ደርሷል፤ መዝጋቢዎቹም ከቁመቱ አልፈው አልጠየቁትም። እትዬ እታገኝ ግን «አንዱን ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ ማሕፀን የለኝም» ብለው ከልክለውት ቆይተዋል። የዚያን ለት፣ ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ፣ ፈቀዱለት።

«ወንድሙ ካለለት ምን ይሆናል?» አሉ ለአስካለ ማርያም። «ከአጠገቡ ያደርገዋል። ይህንንም ባና ያደርስልኛል፤ ልጄ ብርድ አይችልም።» የሚፈትሉት ጠጉር ለመኳንንት ለሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር።

ቃሉ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ደረሰ። «መኳንንት ይመታል!» የሚለው ዜማ ወጥቶለት ልጆች በእረፍት ሰዓት እግራቸውን እየመቱ ይጮኹት ጀመር። አወቀ መካከላቸው ቆሞ ዱላውን እንደ መትረየስ ደግኖ ግራና ቀኝ ይተኵሳል።

«ኧረ ተው አንተ ፋራ» አለው ኪዳነ የሚባል የክፍላቸው ልጅ። ኪዳነ ቀልደኛ ነው፤ አንድም ቀን አፉ አርፎ አያውቅም። «ጠመንጃው ይከብድሃል። መጀመሪያ ሱሪህን ታጠቅ።»

ሁሉም ሳቀ። አወቀ ግን አልሳቀም። ዱላውን ከፍ አድርጎ የኪዳነን አፍ መታው። ኪዳነ በጉልበቱ ወደቀ፤ በመዳፉ ላይ ደምና ጥርስ ተፋ። አወቀ አላቆመም። በጀርባው፣ በትከሻው፣ ራሱን በሸፈነበት ክንዱ ላይ መታው፤ በመታው ቍጥርም «ወንድሜ ይመታል! እኔም እመታለሁ!» ይል ነበር። ጽናት ከኋላው ዘልላ ወገቡን ያዘችው። በክርኑ ደረቷን ሲደቃት ትንፋሽ አጥታ ተቀመጠች። መምህራን ሮጠው ሲያላቅቋቸው የኪዳነ ክንድ ተሰብሮ ነበር።

አወቀ በመምህሩ እጅ ተይዞ ሲሄድ ዞሮ አያት። ዐይኑ ውስጥ ጸጸት ፈለገች፤ አላገኘችም። ያየችው ደስታ ነው። ከትምህርት ቤት ቢባረርም ግድ አልሰጠውም፤ ሐሙስ ይሄዳልና።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጽናት ለአያቷ ታነብ ነበር። አያቷ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ዕድሜያቸውን ሁሉ በደብሩ ንባብና ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የሚያነቡት በልጅ ልጃቸው ዐይን ነው። በአጥሩ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ፣ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ እንደ ዳኛ ይሰማሉ። አንድም ስሕተት አያልፉም። «ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት የለውም» ይሏታል ዘወትር። «ምልክቱ አንባቢው ነው። አንባቢው ከተኛ ቃሉ ይሞታል።»

የያዘችው ወደ አማርኛ የተመለሰ የአንድ ሰማዕት ገድል ነው። ልቧ ግን ኪዳነ መዳፉ ላይ የተፋው ጥርስ ዘንድ ነበር።

«ንጉሡም ሰማዕቱን ወደ አንበሶቹ ጕድጓድ ጣለው» ብላ አነበበች፤ «ሰማዕቱም ሲበላ ሕዝቡ ቆሞ ይመለከት ነበር።»

ዘንጉ መሬቱን ደበደበው። «ምን ሲበላ? በሶ ነው ቈሎ?»

«ኧ?»

«ሰማዕቱ ጕድጓዱ ውስጥ ስንቁን ይዞ ገባ እንዴ? ብላ ተብሎ ነው የተጣለው?»

ጽናት ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ አባባ።»

«በ-ንም ላ-ንም አጥብቂ! አላላሽውና ተበዪውን በዪ አደረግሽው። አንበሳው ይጹም በይኛ!»

እየሳቀች አጥብቃ ደገመችው። ሰማዕቱ ተበላ። ወደሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር አለፈች፤ ሳቋም ሳታስበው ቆመ። አፏ ገድሉን እያነበበ፣ ጆሮዋ ሌላ ነገር ይሰማ ነበር። ተበዪውን በዪ። ተመቺውን መቺ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?»

ገድሉን አኑራ ወደ ቤት ሮጠች። ደብዳቤውን ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ፣ እዚያው ቆማ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች አነበበችው። መኳንንት መትረየሱ ላይ ነበር፤ ሲመታ ከአጠገቡ ነበርሁ። መ-ን አጠበቀች፤ ታ-ን አጠበቀች። የቀረው ሁሉ ያለ ማንም እርዳታ ቦታ ቦታውን ያዘ። ያልተሾመ ሰው መትረየሱን የለቀቀው ለምን እንደ ሆነ። እንደ እርሱ ያለ ወንድ አላየሁም የተባለው ለምን እንደ ሆነ። በወጉ ንገሯቸው ማለትም ሰላምታ አቅርቡልኝ ማለት እንዳልሆነ። ምንይሉ ሞት በደብዳቤ እንደማይጻፍ ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ቃል ብቻ ጻፈው፤ የሚያነቡት ሰዎች በትክክል እንደሚያነቡት አመነ። እርሷ ደግሞ በልጃቸው ሞት እናቲቱን እልል አሰኘቻቸው።

ወረቀቱን ይዛ ወደ አጥሩ ተመለሰች። ለአያቷ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። መሪጌታ ፊታቸውን አማተቡ።

«ማን ሰማ?»

«ማንም። እማዬም አታውቅም።»

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊ። የእታገኝ ወንድም አፈወርቅ ያለው ራቤል ከተማ ነው፤ ነገ ሰው እልክበታለሁ። እርሱ ሳይደርስ፣ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ መርዶ አይነገርም። እናት ስትወድቅ በቀኝና በግራ የሚይዛት ወገን ያስፈልጋታል።»

«አባባ፣ አወቀ እኮ ነገ ይሄዳል። እትዬ እታገኝ የፈቀዱለት እኔ አሳስቼ ስላነበብሁላቸው ነው።»

«ከሄደበት ያስጠሩታል።»

«ከጦር ሜዳ ያስጠሩታል?»

«መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም» አሉ ሽማግሌው። «ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን እኔም አልሠራሁትም፤ አንቺም አታፈርሽውም።»

ጊዜው ረቡዕ የማይጾምበት በዓለ ኀምሳ ስለ ነበር፣ ያን ለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ እታገኝ ለልጃቸው መሸኛ በግ አሳረዱ። የሚያርደው አወቀ ራሱ ነበር። ጽናት በእናቷ ተልካ የጠላ እንስራ ይዛ ስትደርስ በጉን በጕልበቱ ተጭኖ ቢላዋውን ሲስብ አየችው። ደሙ ወደ ክንዱ ፈነጠቀ፤ አልጠረገውም። «እንዲህ ነው!» አለ ለከበቡት ልጆች። እነርሱም «መኳንንት ይመታል!» ብለው መለሱለት።

«መጣሽልኝ!» አሉ እትዬ እታገኝ፤ ሸማኔው ጨርሶ ያመጣላቸውን ባና በገመድ እያሰሩ። «ጎረቤቱ ሁሉ አልሰማም። ያንን ወረቀት አንብቢልኝ፤ ይዘሽዋል አይደል?»

«እትዬ፣ ሌላ ጊዜ…»

«ምን ሌላ ጊዜ አለ? ነገ እኮ ሄደብኝ። በይ፣ በይ።»

ሰዉ ከበባት። ጽናት ወረቀቱን ዘረጋች። የእትዬ እታገኝ ፊት ከፊቷ ነበር፤ አፋቸው ለእልልታ ተዘጋጅቷል። ቃሉ ላይ ስትደርስ የአያቷ ትእዛዝ ትዝ አላት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በበጉ ደምና በጠላው መካከል፣ ቃሉን ማጥበቅ አልቻለችም። አላልታ አነበበችው። የመጀመሪያው ስሕተት ነበር፤ የአሁኑ ግን ስሕተት አልነበረም። እልልታው ግቢውን ሲሞላው ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ከሥጋው ሳትቀምስ ወጣች።

ሐሙስ ጧት ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመንደሩ በታች ካለው የድንጋይ ካብ አጠገብ ቆማ አወቀን ጠበቀችው። መኪናው የላይኞቹን መንደሮች ልጆች እየሰበሰበ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቃል። ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል። ለወገን የተሠራ ሥርዓት ወገንን በትኖ እንዴት ይጠበቃል የሚለው ሐሳብ ሌሊቱን ሁሉ አላስተኛትም ነበር።

አወቀ እናቱን ከደጅ ተሰናብቶ፣ ባናውን በጀርባው አዝሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ እያፏጨ ወረደ።

«ልትሸኚኝ ነው?» አለ። «አታለቅሺም አይደል?»

«ደብዳቤውን ላነብልህ ነው።»

«ኧረ በቃሽ! በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ።»

«አልያዝኸውም። እኔም አልያዝሁትም ነበር። ዝም ብለህ ስማ።»

አነበበችው። ከማክሰኞ ጀመረች፤ የወሎውን ልጅ ሳትዘል፣ ሳንጃውን ሳትዘል አነበበች። ቃሉ ላይ ስትደርስ አጠበቀችው፤ የሚቀጥሉትንም እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ምን አልሽ?»

«አጥብቄ አነበብሁት።»

አወቀ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ተቈረጠ። «ሹመውታል አልሁ አይደል? መትረየሱን…» ዐይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ እርሱም ማንበብ ይችላል። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ጕሮሮዋን አንቆ ከካቡ ጋር አጋጫት። «ውሸታም! ውሸታም ነሽ! እናትሽ ናት የላከችሽ? ወይስ ኪዳነ ነው? ተናገሪ!» የድንጋዩ ስለት ጀርባዋን ወጋት። በሌላው እጁ ፊቷን መታት፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ አገጯ ላይ ወረደ። ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ።

«ምታኝ» አለች በታነቀ ድምፅ። «ፊደሉ አይለወጥም።»

ለቀቃት። ዱላውን አነሣ፤ ዐይኗን ጨፈነች። ዱላው ያረፈው ግን ካቡ ላይ ነበር። ደግሞ መታው፤ ደግሞ። ድንጋይ ተፈናቅሎ ተንከባለለ፤ ዱላው ተሰንጥቆ ስንጥሩ መዳፉን ሲቀደውም አላቆመም። በእጁ ጕማጁ ብቻ ሲቀር ጣለውና ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆመ።

«ደሙን ሳልመልስ አልቀርም» አለ። «አሁን ነው የምሄደው። ገና አሁን።»

ጽናት ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አነሣች፤ አፈሩን አራገፈችለት። ይህን እንደሚል ገምታ ነበር። እውነቱን መስማት ብቻ እንደማያስቀረውም ታውቃለች።

«አጎትህ ከራቤል ይመጣሉ» አለች። «ሽማግሌ ይሰበሰባል። እትዬ ይነገራቸዋል። ራሳቸውን መሬት ላይ ሲጥሉ፣ ፊታቸውን ሲቧጥጡ፣ ማን ይይዛቸዋል?»

አወቀ መዳፉ ላይ የተሰካውን ስንጥር ነቀለ።

«አንተ ደግሞ ያኔ ምሽግ ውስጥ ነህ። ሳንጃ አልወጣልህ ብሎ የሰው ደረት ረግጠሃል። ወይም የሌላ ሰው እግር የአንተ ደረት ላይ ነው።»

መኪናው ከላይ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ልጆቹ ከኋላ ቆመው ይዘፍናሉ፤ እየቀረበ ሲመጣ የሚዘፍኑትን ሰሙት። «መኳንንት ይመታል! መኳንንት ይመታል!» ዜማው ፍሬን ሲያዝ ተንጓጕቶ፣ እንደ ገና ቀጠለ።

«አወቀ! ና ውጣ!» ብሎ አንዱ እጁን ዘረጋለት። «ምነው እጅህ ደማ? ገና ሳትሄድ!»

ሳቁ። አወቀ አንድ እግሩን አነሣ፤ ከዚያ ግን ቆመ። ከጀርባው ባናውን አወረደው። እናቱ ያሰሩትን ገመድ፣ በቋጠሮው ላይ የቀረውን የጠጉር ብናኝ አየ። ለማን እንደሚያደርሰው ያሰበ መሰለ።

«ትወጣለህ አትወጣም?» አለ የሾፌሩ ረዳት በበሩ ወጥቶ።

አወቀ ወደ ጽናት ዞረ። «ድገሚልኝ» አለ በዝግታ።

«ሁሉን?»

«እሱን ብቻ።»

«ሲመታ» አለች አጥብቃ፤ «ከአጠገቡ ነበርሁ።»

ረዳቱ በመዳፉ የመኪናውን ጎን መታ። መኪናው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ሄደ። ዘፈኑ ከዛፎቹ በስተጀርባ ጠፋ። ከዚያ አወቀ ካቡ ሥር ተቀመጠ፤ ባናውን ፊቱ ላይ ደፍኖ አለቀሰ። ጽናት ፊቷን ወደ ገብሱ አዞረችለት።

«አጎቴ እስኪመጣ እናቴን ምን እላታለሁ?» አለ በመጨረሻ።

«መኪናው አለፈኝ በላቸው። እውነት ነው፤ አልፎሃል።»

ተነሣ። የደማውን መዳፉን በሱሪው ጠረገ፤ ባናውን በትከሻው ላይ ጣለና ወደ መንደሩ የሚወስደውን ዳገት ጀመረው። ትንሽ እንደ ሄዱ፣ ሳይዞር ጠየቃት።

«ስትወድቅ በየትኛው ክንዷ ነው የምይዛት?»

ጽናት የከንፈሯን ደም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አያቷ ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ ቁጣቸውንም ትቀበላለች።

«ቀኛቸውን አንተ ያዝ» አለች። «ግራቸውን እኔ እይዛለሁ።»